የሰማያዊው ትራስ አፍ

«ቆይ ቆይ፣ እግርሽን አንሺ» አለች አለቃ።

ኤሊ እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሳች። የስፌት መኪናው መርፌውን ጨርቁ ውስጥ እንደሰካ ቀጥ አለ።

«ደግሞ ምን አጠፋሁ?»

«አራቱንም ጎን ልትዘጊው ነው እኮ። አፍ ካልተውሽለት በየት በኩል ትገለብጪዋለሽ? የሚሞላውን ፋይበርስ በምን ታስገቢለታለሽ፣ በመርፌ ልትወጊው ነው?»

ኤሊ ጎንበስ ብላ አየች። እውነትም ሦስቱ ጎን አልቆ አራተኛውን አጋምሳዋለች። መዳፍ የሚያሳልፍ ክፍተት መተው እንዳለባት ዛሬ ብቻ ስንቴ እንደተነገራት ራሷም አታውቀውም። ሳቋ አመለጣት።

«ሳይበላ አፉን ልዘጋበት ነበር፣ ምስኪን» አለች።

አለቃ ጠመኔ አንስታ ጨርቁ ላይ ሁለት መስመር አሰመረችላት። «ከዚህ እስከዚህ ፍቺው። መኪናው እዚህ ሲደርስ ይቆማል፤ እዚያ ይቀጥላል። መሀሉን በእጅ ነው የምትዘጊው።»

አለቃ የሚለውን ስም ያወጣላት አጎቷ ነው። ገና ድክ ድክ የምትል ልጅ ሳለች ምሳ ሰዓት ላይ ማን የት እንደሚቀመጥ ስትደለድል አይቶ «ይቺ የቤቱ አለቃ ናት» አለ፤ በዚያው ቀረ። አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ስሙም እየጠበባት ሳይሆን ልክ እየሆናት መጥቷል። ጓደኛዋ ደግሞ ኤሊ የተባለችው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ስትበላ፣ ስትጽፍ፣ ደረጃ ስትወጣ፣ ሁሉን ነገር ረጋ ብላ ነው። በቀልዱ ከመናደድ ይልቅ ስልኳ ጀርባ ላይ የኤሊ ምስል ለጥፋበት አርፋለች።

የስፌት መኪናው የአለቃ እናት ንብረት ነው፤ ሳሎን ውስጥ መስኮቱ ሥር ይቀመጣል። አለቃ መስፋት የተማረችው ከስልክ ቪዲዮና መቀስ ከበላቸው አሮጌ አንሶላዎች ነው። የመጀመሪያዋ ትራስ ማዕዘኗ እንደ አህያ ጆሮ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ሆዷ በአንድ ጎን ያበጠ ነገር ነበረች። አጎቷ አይቶ «መቼ ነው የምትወልደው?» ብሎ ጠየቀ። አለቃ ግን ሁለተኛውን ሰፋች፣ ሦስተኛውን ሰፋች፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልቀለደም። አሁን ስለ ሶፋ ትራስ የማታውቀው ነገር አለ ብላ አታምንም። ብዙም አልተሳሳተችም።

የትምህርት ቤቱ የእጅ ሥራ ክበብ ለቅዳሜ ትርኢት ይዘጋጃል። ሕጉ ቀላል ነው። ጥንድ ጥንድ ሆነው ሁለት ትራስ ይሠራሉ፤ እያንዳንዷ አንዱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራሷ እጅ። የሚሞላበት አፍ የሚዘጋው በመርፌና ክር ነው፤ ያውም ከጨርቁ በተለየ ደማቅ ክር። ሌላው ስፌት በውስጥ በኩል ተደብቆ ይቀራል፤ ይኼኛው ግን እየታየ እንዲያምር ነው የተፈለገው። ክበቡን የምትመራው መምህርት «እሱ ፊርማችሁ ነው» ብላቸዋለች።

ቅዳሜ ትራሶቹን የሚያዩት የሰፈሩ ሶፋ ሠሪ ናቸው። ሱቃቸው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ነው። አንድ ጥንድ መርጠው በክረምቱ ረጅም እረፍት ሥራ ያስተምራሉ። አለቃ ከትምህርት ስትመለስ እዚያ በር ላይ ሳትቆም አልፋ አታውቅም። ስፖንጅ በረጅም ቢላ ሲቆረጥ፣ ጨርቅ በእንጨቱ ላይ ሲወጠር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ትልቁ መኪና ድርብርብ ቆዳውን እንደ ወረቀት ሲበሳው ታያለች። ያንን መኪና መንዳት ትፈልጋለች። ይህን ያህል የፈለገችው ነገር የለም። ለኤሊ ስትነግራት ኤሊ «እኔም እመጣለሁ፤ አንቺ ካለሽ አይደብረኝም» አለቻት፤ ጥንድ የሆኑትም እንዲያ ነው።

የአለቃ ትራስ ቢጫ ነው። ጨርቁ እናቷ አንድ ቀን ለብሳው «የመንገድ መብራት አስመሰለኝ» ብላ የጣለችው ቀሚስ ነበር። ተሰፍቶ፣ ተሞልቶ፣ አፉ በሰማያዊ ክር ተዘግቶ ወንበር ላይ ተቀምጧል። የኤሊ ትራስ ከድሮ መጋረጃ የተቆረጠ ሰማያዊ ነው። ገና እየተወለደ ነው።

ኤሊ ስፌቱን ፈታች፣ አስተካክላ ሰፋች፣ ማዕዘኖቹ ሲገለበጡ እንዳያብጡ ጫፍ ጫፋቸውን ቆረጠች። ከዚያ በተወችው ክፍተት እጇን ከትታ ጨርቁን ገለበጠችው፤ ማዕዘኖቹንም በእርሳስ ቂጥ ገፋ ገፋ አድርጋ አወጣቻቸው። ፋይበሩን እንዳይጓጉል እየፈለቀቀች በትንሽ በትንሹ ሞላች። አለቃ እጇ እየበላት ቆማ ታያለች።

«ማዕዘኑን አስቀድሚ። መሀሉ በኋላ ይደርሳል።»

«እሺ አለቃ።»

«አሁንም ያ ጥግ ባዶ ነው።»

«አየሁት እኮ። ወደሱ እየሄድኩ ነው።»

«ወደሱ ስትሄጂ ትምህርት ይዘጋል።»

ቀጥሎ የመዝጋቱ ሥራ መጣ። ኤሊ ብርቱካናማ ክር መረጠች። የምትሠራው በግራ እጇ ነው፤ ከግራ ጀምራ ሁለቱን የጨርቅ ጫፎች አንድ ላይ እየያዘች፣ መርፌውን ከወዲያ ወዲህ እያሳለፈች፣ ክሩን በጫፎቹ ላይ ትጠመጥማለች። ትሰፋለች፤ ታየዋለች፤ አይጥማትም፤ ትፈታለች። እንደገና ትጀምራለች። አለቃ ልትረዳት እጇን ስትዘረጋ ኤሊ ትራሱን ወደ ደረቷ ታስጠጋለች። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወርዳ ግድግዳው ላይ ስትደርስ ክሩን ቋጠረችና በጥርሷ በጠሰችው።

«ጨረስኩ» አለች። ራሷም ያመነችው አትመስልም።

ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳችው፤ ለአባቷ ላከችለት። አባቷ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከቤት ርቆ ይሰነብታል። ወዲያው የድምፅ መልእክት መጣ፤ ከኋላው የሞተር ጩኸት ይሰማል። «የኔ ልጅ፣ ይኼን ከዳር እስከ ዳር አንቺ ነሽ የሠራሽው? ማንም ሳይነካልሽ?» ኤሊ መልእክቱን ደግማ ሰማችው። ከዚያ ቦርሳዋን አንግታ እየዘለለች ሄደች፤ ስትዘል አለቃ አይታት አታውቅም። ትራሶቹ አለቃ ቤት ቀሩ፤ ኤሊ ቤት ትንንሽ ወንድሞቿ ኳስ ያደርጓቸዋል።

አለቃ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ ራቅ ብላ አየች። ቢጫው እንከን የለውም። ሰማያዊውም ከላይ ሲታይ ጥሩ ነው። አፉ ግን አንዱ ስፌት ረዝሞ አንዱ አጥሯል፤ መሀል ላይ ክሩ ጠብቆ ጨርቁን ሸብሽቦታል። ሶፋ ሠሪው ይህን ያዩና ሁለቱንም ትራስ መልሰው ያስቀምጡታል። ትልቁ መኪናም ለሌሎች ሊሆን ነው።

የተሸበሸበውን ብቻ ላስተካክል አለች። ትንሿን መቀስ አነሳች። መሀሉን ስትፈታ ጎኑ ላላ፤ ጎኑን ስትነካ ጫፉ ተፈታ፤ ትንሽ ቆይቶ ጉልበቷ ላይ የቀረው የተቆራረጠ ብርቱካናማ ክር ብቻ ነበር። አዲስ ክር መርፌው ውስጥ አስገብታ ከቀኝ ጀመረች። እጇ ያውቅበታል፤ ስፌቱ እኩል እኩል ሆኖ ይወርዳል።

እናቷ የደረቀ ልብስ ታቅፋ ገባች። «ሰማያዊው የኤሊ አልነበረም?»

«ነው። እያስተካከልኩላት ነው።»

«አስተካክዪልኝ አለችሽ?»

«ስታየው ደስ ይላታል።»

እናቷ ልብሱን አልጋ ላይ ልታስቀምጥ እየሄደች «ስልክ እኮ አላት» አለች።

አለቃ ስልኩን አየችው። ትራሱን አየችው። ሊያልቅ ምንም አልቀረውም፤ ሰፍታ ጨረሰችው።

ቅዳሜ አዳራሹ ሰው በሰው ሆነ። ጠረጴዛዎቹ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል፤ ትራስ በትራስ ነው፤ ክብ፣ ረጅም፣ አበባ የተጠለፈበት፣ ዘርፍ ያለው። ፊት ለፊት መድረኩ ሥር ሶፋ ሠሪው ከሱቃቸው ያመጡት መኪና ቆሟል። አለቃ ያወቀችው ከሩቅ ነው፤ ትልቁ ባይሆንም ወንድሙ ነው። ያስደሰቷቸውን ልጆች እዚያ አስቀምጠው ሊሞክሯቸው ነው ይባላል።

ኤሊ ዘግይታ መጣች። ጠረጴዛው ጋ ደርሳ ትራሷን ለማየት ገና እጇን ስትዘረጋ ሶፋ ሠሪውና መምህርቷ ፊታቸው ደረሱ። ሰውየው ሰፊ ትከሻ አላቸው፤ ልብሳቸው የማጣበቂያ ሽታ አለው። ቢጫውን አገላብጠው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰማያዊውን አነሱ፤ ማዕዘኖቹን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉ፤ አፉን ወደ ብርሃኑ አዞሩት።

«ይኼ ንጹሕ ሥራ ነው» አሉ። «የማን ነው?»

መምህርቷ የኤሊን ትከሻ ያዝ አደረገች። «የሷ ነው። ጊዜ ትወስዳለች እንጂ ስትሠራ እንዲህ ነው።»

«ጊዜ መውሰዱስ አይጎዳም። ጎበዝ ነሽ።»

ኤሊ ትራሱን ተቀበለች። ፈገግ ልትል ጀምራ ነበር። ዓይኗ ስፌቱ ላይ አረፈ፤ ጣቷን ከአንድ ዳር ወደ ሌላው ቀስ አድርጋ ነዳችው፤ ፈገግታው እዚያው መንገድ ላይ ቀረ። «አመሰግናለሁ» አለች በቀጭን ድምፅ። ሁለቱ ሰዎች ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ሲያልፉ ትራሱን መልሳ አስቀመጠችና ወጣች።

አለቃ ኮሪደሩ ላይ፣ የውሃ ቧንቧው ጋ ደረሰችባት።

«ምን ሆነሽ ነው? ወደዱት እኮ። ሰማሽ አይደል ያሉትን?»

«ሰማሁ። ግን ለኔ አይደለም የተባለው» አለች ኤሊ። «እኔ በግራዬ ነው የምሰፋው። የኔ ክር ወዲህ ነው የሚያጋድለው።» በጣቷ አየር ላይ አሳየቻት። «ያኛው ወዲያ ነው። መቼ ሠራሽው?»

አለቃ የኤሊን ጣት በዓይኗ ተከተለች። ስፌቱ ወዴት እንደሚያጋድል ጨርሶ አላሰበችም። በእሷ ዓይን ስፌት ሁሉ የሚያጋድለው ወደዚያ ነው።

«ትናንት» አለች። «ተሸብሽቦ ነበር። ለሁለታችን ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ባይነካ ኖሮ ይጥሉን ነበር።»

«ሊሆን ይችላል።» ኤሊ ዓይኗን ከቧንቧው ጠብታ ላይ አላነሳችም። «ቤት እናቴ ሽንኩርት ሲዘገይባት ቢላውን ከእጄ ትቀበለኛለች። ላብራቶሪ ውስጥ ሙከራውን ልጆቹ ይቀበሉኛል። እኔ ዳር ያደረስኩት ነገር ኖሮ አያውቅም። እሱን ዳር አድርሼው ነበር። አባቴ እስካሁን ለሾፌር ጓደኞቹ እያሳየ ነው።»

አለቃ ፊቷ ጋለ። አፍራለች፤ ማፈር ደግሞ ስለማትችልበት የምታደርገው ጠፋት።

«አትፍሪ፣ ለማንም አልናገርም» አለች ኤሊ። «ግን ከመረጡን አልሄድም። ሄጄስ ምን ልሰፋ ነው? ያንቺን እጅ ተውሼ?»

ይህን ስትል ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ብትጮህባት ይሻል ነበር። አለቃ በአዳራሹ በር በኩል አየች። ሶፋ ሠሪው ዙሩን ጨርሰው መኪናው ጋ ቆመዋል፤ ከመምህርቷ ጋር እያወሩ ዓይናቸው ወደ ሰማያዊውና ቢጫው ይመለሳል። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። እሷ ዝም ካለች ኤሊም ዝም ካለች ነገሩ አልቆ ነበር፤ ኤሊን በኋላ ለማግባባት ደግሞ ብዙ ቀን አለ። ሰውን ማግባባት ታውቅበታለች።

«ነይ» አለች።

«የት?»

«ነይ ስልሽ።»

ኤሊን በእጅጌዋ ይዛ ገባች። ከጠረጴዛው ላይ ሰማያዊውን ትራስ አነሳችና ቀጥ ብላ ወደ መኪናው ሄደች። ፈርታም ቢሆን ስትራመድ አገጯ ወደ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ይህ የወደዱት ስፌት የእኔ ነው» አለች። «የእሷን ሳልጠይቃት ፈትቼ ነው የሰፋሁት። እሷ አሁን ነው ያወቀችው።»

መምህርቷ ዓይኗ ፈጠጠ። ሶፋ ሠሪው ትራሱን ተቀብለው እንደገና አገላበጡት።

«የእሷስ የት አለ?»

«የለም። ጣልኩት።»

«ምን ይመስል ነበር?»

አለቃ መልሱን ስታስብ ኤሊ ቀደመቻት። «ትንሽ ተሸብሽቦ ነበር» አለች። «ግን ይይዛል።»

መምህርቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች፤ እንዲህ ስታደርግ መቆጣቷ ነው። «ሕጉን ታውቃላችሁ። እንደ ጥንድ አትወዳደሩም። ትርኢቱ ላይ እንዲቆይ ከፈለጋችሁ የራሷ ስፌት ይኑርበት፤ ካለዚያ አንሱት።»

ሶፋ ሠሪው አገጫቸውን አከክ አከክ አደረጉ። አለቃን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «በሬ ላይ የምትቆሚው ልጅ አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«የሁለቱም አፍ ያንቺ ሥራ ከሆነ እጅሽ ጥሩ ነው። ጥንዱ ይቅር፤ ለብቻሽ ልይሽ። ነይ፣ ቁጭ በይና መኪናውን ሞክሪው። እዚያ ጋ ሌሎች ሁለት አሉኝ፤ ከነሱ ጋር አመዛዝኜ አሁኑኑ እወስናለሁ።»

ወንበሩን በእግራቸው ሳብ አደረጉላት። መኪናው ከቅርብ ሲታይ ከጠበቀችው በላይ ከባድና የሚያምር ነበር፤ ቀበቶው አዲስ ዘይት ይሸታል። አለቃ አንድ እርምጃ ተራመደች።

ኤሊ በበኩሏ ትራሷን ከሰውየው እጅ ተቀብላ ወደ ጠረጴዛቸው ሄዳለች። የስፌት ሳጥኑን ከፍታ ከክርና ከመርፌ ጋር ስትታገል ከሩቅ ትታያለች። ሰማያዊውን ትራስ በክርኗ ልታፍነው ትሞክራለች፤ ትራሱ ይሸሻል። አጥብቆ የተሞላ ትራስ አፉ ሲዘጋ የሚይዘው ሁለተኛ ሰው ይፈልጋል፤ ካለዚያ ይሸበሸባል። ትናንት አለቃ ትራሱን ጉልበቷና ጠረጴዛው መሀል አጣብቃ ነው የሰፋችው፤ ኤሊ ያንን ዘዴ አታውቅም።

«ትንሽ ይጠብቁኛል?» አለች አለቃ።

«ምን ያህል?»

አለቃ ኤሊን አየቻት። ኤሊ የክሩን ጫፍ በምራቋ አርጥባ መርፌውን ወደ ብርሃኑ አንስታለች። «ብዙ» አለች አለቃ በሐቀኝነት።

«አልጠብቅም ብልሽስ?»

«እንግዲያው ሌላ ቀን ሱቅ መጥቼ አሳይዎታለሁ። በሩን አውቀዋለሁ።»

ሶፋ ሠሪው ሊስቁ ፈልገው ተዉት። ወንበሩን ወደ ቦታው መለሱና ለሌሎቹ ልጆች በእጃቸው ምልክት ሰጡ።

አለቃ ጠረጴዛው ጋ ደርሳ ከኤሊ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ትንሿን መቀስ አነሳችና የራሷን ስፌት ከዳር እስከ ዳር ቆረጠችው። የትራሱ አፍ ተከፈተ፤ ነጩ ፋይበር ብቅ አለ።

«ምን ያዝ ላድርግልሽ?» ብላ ጠየቀች። ኤሊን እንዲህ ብላ ጠይቃት አታውቅም።

ኤሊ ፊቷን በጥርጣሬ አየቻት። «ሁለቱን ጫፎች። አትጎትቺ፤ ዝም ብለሽ ያዢ።»

«እሺ።»

መርፌው ከግራ ጀመረ። የመጀመሪያው ስፌት ረዘመ፤ ሁለተኛው ጎበጠ። ሦስተኛው ላይ ኤሊ ቆም ብላ አየችው፣ አልጣማትም፣ ፈትታ ደግማ ወጋችው። የአለቃ ጣት ወደ መርፌው ሄደ፤ ራሷ አየችውና ወደ ጨርቁ መለሰችው።

ፊት ለፊት መኪናው ተነሳ። ሌላ ልጅ እየነዳችው ነው፤ ድምፁ ወፍራምና ያለማቋረጥ የሚወርድ ነበር። ጠረጴዛው በስሱ ይንቀጠቀጣል። አለቃ ቀና ብላ አላየችም፤ ኤሊ አራተኛውን እስክትወጋ የጨርቁን ጫፎች አጋጥማ ያዘችላት።